ያገለገለ አቧራ መጣጭ ለካርቱም ወርክሾፕ

ካርቱም ላይ አቧራ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሃቡቡን፣ የአቧራ ማዕበሉን ነው። ሃቡብ ግን መጥቶ ያልፋል። ሆሹ (ግቢው) ውስጥ ሰርኩላር ተክሎ አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚተነፍሰው የራሱን አቧራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል። የሚጎዳው ወለል ላይ ወድቆ የሚጠረገው ሰጋቱራ ሳይሆን አየር ላይ ተንሳፎ የሚቀረው፣ ዓይን የማያየው ድቃቂ ነው።

ያገለገለ አቧራ መጣጭ ለመግዛት የሚወጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ዛሬ ካርቱም ላይ አንድ ነው፦ የማን ነበር? እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲጀመር ቤትም ወርክሾፕም ተዘረፈ፤ የተዘረፈው ዕቃ ሕዝቡ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መሪ ስም «የደጋሎ ገበያ» ባላቸው ቦታዎች በግልጽ ተሸጠ። ሠራዊቱ መጋቢት 2025 ከተማዋን መልሶ ከያዘ በኋላም የተዘረፈ ማሽን ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ አይቀርም። የግዢ ወረቀት የሌለው ሻጭ ቢያንስ ማሽኑን የሚያውቅ የሰፈር አናጺ ይጥራ። ይህም ካልሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ትቶ መሄድ ይሻላል።

ቀጥሎ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያንብቡ። ሻጩ «3 የፈረስ ጉልበት ነው» ቢል አምፔሩን በ230 ቮልት ያባዙ። 6 አምፔር ከሆነ 1,380 ዋት ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ስለሆነ፣ ይህ ብክነቱ ሳይቀነስ እንኳ ሁለት አይሞላም። ኸርዙንም ይዩ። ከሳዑዲ በፖርት ሱዳን በኩል የሚገባ ማሽን ብዙ ጊዜ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የሱዳን መብራት ግን 50 ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ካርቱም ላይ በስድስት አንድ እጅ ይዘገያል። የአየሩ መጠንም በዚያው ልክ ያንሳል፤ የመሳብ ኃይሉ ደግሞ ሠላሳ በመቶ ያህል ይወርዳል። በዚያ ላይ ሞተሩ ሊግል ይችላል። ግማሽ ሰዓት አስነስቶ በእጅ መዳሰስ ነው እንግዲህ፤ እጅ የማያስቆይ ከሆነ አይገዛም።

ከዚያ ከመብራት ነቅሎ ፋኑን በእጅ ማዞር ነው። ኩሽኔታው የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ይቀየራል፣ ርካሽ ነው። የካፓሲተር መበላሸትም አያስፈራም። የተሰነጠቀ ወይም ቤቱን የሚፍቅ ፋን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማሽኑ በሚዞርበት ፍጥነት ቢሰበር ሰው ይጎዳል።

ከረጢቱ ያረጀ ነው ብለው አይዘኑ፤ አዲስም ቢሆን መጣል ያለበት እሱ ነው። በርካሽ ማሽኖች ላይ የሚመጣው ጨርቅ 30 ማይክሮን አካባቢ ያለውን ነው የሚይዘው። ሳንባ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ደግሞ ከ10 ማይክሮን በታች ነው። እንዲህ ያለ ማሽን መሬቱን ያጸዳና ክፉውን ብናኝ መልሶ ፊት ላይ ይነፋል። ሰው ግን ወለሉ ንጹሕ ስለሆነ ደኅና ነኝ ይላል፤ ለዚህ ነው ከምንም የማይሻል ብዬ የማስበው። በሌላ አገር ያሉ አናጺዎች 1 ማይክሮን የሚይዝ የታጠፈ ፊልተር ይገጥማሉ። ካርቱም ላይ ግን ቀላል መንገድ አለ።

የካርቱም ወርክሾፕ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሙከይፍ ነው። ይህ መሣሪያ የውጭ አየር ሲያስገባ የውስጡ አየር መውጫ ይፈልጋል፤ ለዚህም ነው መስኮት ከፍተን የምናስነሳው። ስለዚህ አቧራ መጣጩን ራኩባ (ዳስ) ሥር፣ ከክፍሉ ውጭ ተክሎ አየሩን ወደ ውጭ ማስተንፈስ ቅዝቃዜውን አያባክንም፤ እንዲያውም ሙከይፉን ያግዘዋል። ብርድ አገር ያለ አናጺ ይህን ቢያደርግ በገንዘቡ ያሞቀውን አየር ይደፋል። ማሽኑ ውጭ ሲሆን ጩኸቱም አብሮ ይወጣል። የመውጫው አፍ ወደ ጎረቤት መስኮት እንዳይዞር ብቻ።

ሰጋቱራው ሆሹን እንዳይሞላው ከፋኑ በፊት ሳይክሎን ይገባል። ይህ ከላሜራ የሚሠራ፣ ወደታች እየጠበበ የሚሄድ ሾጣጣ ሲሆን አየሩ ውስጡ ሲሽከረከር ከባዱ ቁራጭ ከሥሩ ባለው በርሜል ይወድቃል። ብየዳ ቤት ልኩን ካገኘ ይሠራዋል። በርሜሉ አየር ካስገባ ግን ምንም አይለይም፤ ክዳኑ በጎማ ይታሸግ።

ቱቦው ላይም ብዙ ይጠፋል። ብዙ ባለ2 ፈረስ ጉልበት ማሽኖች አፋቸው ላይ ለሁለት የሚከፈል ሹካ አላቸው። እሱ ሲነሳ ሰፊው አፍ ይወጣል፤ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከሹካው ባለ10 ሳንቲ ሜትር አፍ ከእጥፍ በላይ ስፋት አለው። ፒያላና ሰርኩላር ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የሚጣጠፈው ቱቦ አየር ስለሚይዝ መጨረሻ ላይ አጭር ቁራጭ ይበቃዋል፤ የቀረው ለስላሳ ፒቪሲ ይሁን።

መብራቱ የቀረ ጣጣ ነው። በጦርነቱ የመብራት ገመድና ትራንስፎርመር ስለተዘረፈ ብዙ ሰው በሶላር ይኖራል። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ አምፔር ይስባል፤ ኢንቨርተሩ ይህን ካልቻለ ይጠፋል። ሰርኩላሩና መጣጩ በተራ ይነሱ፣ መጣጩ ይቅደም።

ጀበናው የሚጣድበት ከሰልም ከቱቦው አፍ ይራቅ፤ አንድ ፍንጣሪ በርሜል ሙሉ ሰጋቱራ ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሲጨስ ሊያድር ይችላል። ማታ በርሜሉን ባዶ አድርጎ መዝጋት ነው። ሃቡብ ሲመጣ ደግሞ ማሽኑ ይጥፋ፣ ሞተሩ ይሸፈን።