ጭንብል ለባሾቹና የደቡብ ገዢዎች

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1870 ሌሊት፣ ጭንብል ያጠለቁ ፈረሰኞች በሰሜን ካሮላይና ግዛት ወዳለችው ግርሃም ከተማ ገቡ። ዋያት አውትሎን ከቤቱ ጎትተው አውጥተው ፍርድ ቤቱ አጠገብ ከነበረ ዛፍ ላይ ሰቀሉት። አውትሎ ጥቁር ነበር፤ የፖሊስ ሹምም ነበር። ገዳዮቹ ለመስቀያ የመረጡት ቦታ ራሱ መልእክት ነው፤ ሕጉ የሚኖርበት ደጃፍ ላይ የሕጉን ሰው ሰቀሉት።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ካበቃና ኮንግረስ በ1867 የደቡብ ጥቁር ወንዶች እንዲመርጡ ካደረገ በኋላ፣ በየግዛቱ አዳዲስ መንግሥታት ተቋቋሙ። የቀድሞ የኮንፌዴሬሽን ወታደሮች በቴነሲዋ ፑላስኪ የመሠረቱት ኩ ክሉክስ ክላን እነዚህን መንግሥታት ከሥር ለመናድ ተነሣ። መራጮችን ገረፈ፣ ትምህርት ቤቶችን አቃጠለ፣ ተመራጮችን ገደለ። ነፍስ ግድያን የመቅጣት ሥልጣን በዋናነት የግዛቶች ስለነበር፣ ነገሩ የሚያርፈው በአካባቢው ሸሪፍና ዳኞች ላይ ነው። ምስክር ለሕይወቱ ይፈራል፤ አንዳንድ ቦታ ሸሪፉ ራሱ የክላኑ አባል ነው። ለገዢዎቹ የቀራቸው ሚሊሻ ማሰለፍ ነበር። ጥቁሮችን ቢያስታጥቁ ነጮቹ በቁጣ ይነሣሉ፤ የአካባቢውን ነጮች ቢያስታጥቁ ደግሞ ጠመንጃው ክላኑ እጅ ሊገባ ይችላል።

ይህን አጣብቂኝ ደፍሮ የተጋፈጠው የአርካንሶው ገዢ ፓወል ክሌይተን ነው። በኦክቶበር 1868 የግዛቱ የኮንግረስ ተወካይ ጄምስ ሃይንድስ ተገደለ። በዚያው ወር ለሚሊሻው መሣሪያ የጫነችውን ሄስፐር የተባለች መርከብ ጭንብል ለባሾች ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ደርሰው ያዟት፤ ጠመንጃውንም ውኃ ውስጥ ጣሉት። ክሌይተን አላፈገፈገም። የዚያ ዓመት ምርጫ እንዳለፈ በብዙ አውራጃዎች ወታደራዊ ሕግ አወጀ፤ ጥቁርና ነጭ ሚሊሻዎችን አዘመተ፤ የተያዙትን በወታደራዊ ችሎት አስዳኘ። ሚሊሻው የሰው ንብረት ዘርፏል፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ቢሆንም አዋጁ በ1869 ጸደይ ሲነሣ ክላኑ በአርካንሶ ተሰብሮ ነበር።

የሰሜን ካሮላይናው ገዢ ዊልያም ሆልደን ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። አውትሎ በተገደለ በሦስተኛው ወር፣ ነጩ የሪፐብሊካን የግዛት ሴናተር ጆን ስቲቨንስ ያንሲቪል ፍርድ ቤት ውስጥ ታንቆና በጩቤ ተወግቶ ተገደለ። አሁንም ፍርድ ቤት! ሆልደን ቀደም ሲል ግርሃም የምትገኝበት የአላማንስ አውራጃ፣ አሁን ደግሞ ያንሲቪል የምትገኝበት የካስዌል አውራጃ በዐመፅ ላይ መሆናቸውን አውጆ፣ በጆርጅ ከርክ የሚመራ ጦር ላከ። ጦሩ በክላን አባልነት የተጠረጠሩ መቶ ያህል ሰዎች አሰረ። እስረኞቹ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ሲያቀርቡ፣ የግዛቱ ዋና ዳኛ ሪችመንድ ፒርሰን ትእዛዝ ጻፈ፤ ከርክ እምቢ ሲል ግን የፍርድ ቤት ኃይል እዚህ ላይ አበቃ ብሎ ቆመ። ጠበቆቹ ወደ ፌዴራል ዳኛ ሄዱ፤ የተመረኮዙትም ነጻ ለወጡት ባሮች መብት ሲባል በወጣው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነበር። ዳኛው ተቀበላቸው። ፕሬዚዳንት ግራንትም ገዢውን አልደገፈም። ነጻ ለወጡት የታሰበው ማሻሻያ የክላኑን ተጠርጣሪዎች መጥቀሙ ለእኔ የታሪኩ መራራ ቦታ ነው።

በ1870 ኦገስት ምርጫ ዴሞክራቶች የግዛቱን ምክር ቤት ያዙ፤ በማርች 1871 ሆልደን ተከሶ ከሥልጣን ተነሣ። በአሜሪካ ታሪክ በዚህ መንገድ የተሻረ የመጀመሪያው ገዢ ነው።

በደቡብ ካሮላይና ገዢው ሮበርት ስኮት ጥቁር ሚሊሻዎችን ካደራጀ በኋላ፣ ሰላም ይወርዳል ብሎ አንዳንዶቹን ትጥቅ አስፈታ። በዮርክ አውራጃ መሣሪያውን አላስረክብም ያለው የሚሊሻ አዛዥ ጂም ዊልያምስ በማርች 1871 ተሰቀለ። እዚያ ግን ዋሽንግተን ገባች። ኮንግረስ በኤፕሪል ክላኑን የሚመለከት ሕግ አወጣ፤ ግራንት በኦክቶበር በዘጠኝ አውራጃዎች አካልን ነጻ የማውጣት መብትን አገደ፤ የፌዴራል ወታደሮች ብዙ መቶዎችን ያዙ። የግዛት ሚሊሻ ያቃተውን የፌዴራል ጦርና ፍርድ ቤት በወራት አደረገው። ፈቃዱ ግን አልዘለቀም። በ1875 የሚሲሲፒው ገዢ አደልበርት ኤምስ ጦር ላኩልኝ ብሎ ሲለምን ዋሽንግተን ፊቷን አዞረች፤ ምርጫው በጠመንጃ ተነጠቀ፤ በማግስቱ ዓመት ኤምስ ሥልጣኑን ለቀቀ።

በስቲቨንስ ደም የተፈረደበት የለም። ከገዳዮቹ አንዱ ጆን ሊ በ1919 ስለ ግድያው ቃሉን ሰጠ፤ ሰነዱ እሱ እስኪሞት ታሽጎ ቆይቶ በ1935 ተከፈተ። ሆልደን በ1892 ሞተ፤ የሰሜን ካሮላይና ሴኔት ይቅርታ ያደረገለት በ2011 ነው።