የታተሙት ታዬ እና ያልታተሙት ታዬ

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ለመመረቂያ ጽሑፏ የመረጠችውን ርእስ ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። ርእሱ ለክፍላችን እንግዳ ነበር። ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው፣ በቃል እየተመላለሱ ታሪክ ስለሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን የዚህን ዓይነት ጨዋታ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትመዋል። ይሁንና ጋይጋክስ ለዓመታት በቃል ሲያጫውትበት የኖረውን የግሬይሆክን ግንብ ሙሉውን ሳያሳትም እ.ኤ.አ. በ2008 አረፈ። ተማሪዬ ይህን ካስረዳችኝ በኋላ «ከእኛስ አገር ሰው ጨዋታን በጽሑፍ ያሳተመ አለ?» ስትል ጠየቀችኝ። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምን ጠቀስኩላት። «ታሪክ ጸሐፊው ታዬ?» ብላ ተገረመች። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የመገረሟን ምክንያት ማብራራት ነው።

አለቃ ታዬ በ1853 ዓ.ም. በቤጌምድር፣ በይፋግ አካባቢ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ምጽዋ ወርደው በምንኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ የአገር ቤቱንም የግዕዝ ትምህርት አልተዉም። የሁለቱ ትምህርት ፍሬ የሆነው «መጽሐፈ ሰዋስው» በ1889 ዓ.ም. እዚያው ምንኩሉ ታተመ። ከዚያ በኋላ በስማቸው ጎልቶ የሚታወቀው መጽሐፍ እስኪወጣ ድረስ ሃያ አምስት ዓመት አለፈ። እሱም በ1914 ዓ.ም. በአስመራ፣ በዚያው በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ የታተመው «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» ነው። ኋላ ብርሃንና ሰላም የተባለው ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ የተቋቋመው በዚሁ ዓመት መሆኑን በቅንፍ ማስታወስ ይገባል። ደራሲው በ1916 ዓ.ም. ዐረፉ።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው የመጽሐፉ ርእስ ሙሉ አነጋገር ነው፤ «ባጭር ቃል የወጣ» ይላል። የወጣ ከሆነ ከምን ወጣ? አለቃ ታዬ ሰፊ የኢትዮጵያ ታሪክ ጽፈው ነበር፤ ያ ሥራ በሕይወት ሳሉ ማተሚያ ቤት አልገባም፤ በእጅ ጽሑፍ ቀረ። በእጃችን ያለው አጭሩ ብቻ ነው። ይህ አጭር መጽሐፍ ደጋግሞ ታትሟል፤ ግሮቨር ሀድሰንና ተከስተ ነጋሽ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት እ.ኤ.አ. በ1987 በኡፕሳላ ወጥቷል። የታሪክ ባለሙያዎች የሕዝቦችን ምንጭ ከኖኅ ልጆች ጀምሮ መቁጠሩን፣ አፈ ታሪክን ከታሪክ ሳይለይ ማቅረቡን ይነቅፋሉ። ነቀፌታው መሠረት አለው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ ሰውየውን የምንመዝነው ራሳቸው አጭር ነው ብለው በሰጡን ሥራ ነው። የተማሪ ማስታወሻ ደብተር ይዞ መምህሩን እንደ መፈተን ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጨዋታው ልመለስ። ጀርመኖች የአማርኛ መምህር በጠየቁ ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ አለቃ ታዬን ላኩ፤ እሳቸውም እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ በበርሊን በምሥራቅ ቋንቋዎች ሴሚናር አስተማሩ። እዚያው ሴሚናር የነበረው ኦይገን ሚትቮህ እ.ኤ.አ. በ1910 በሴሚናሩ መጽሔት የሐበሻ ሕፃናትን ጨዋታዎች አሳተመ። የአማርኛው ጽሑፍ የታዬ ነው፤ የሚትቮህ ድርሻ ትርጉሙና ማብራሪያው ነው። ከዚያ ወዲህ ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ አገራችን ጨዋታዎች በፈረንሳይኛ፣ ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 ስለ ገበጣ በእንግሊዝኛ ጽፈዋል። እንዲህ ባሉ ጥናቶች ውስጥ ያገራችን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂ ነው። ታዬ ግን ብዕሩን የያዙት ራሳቸው ናቸው። በሥነ ቃል ትምህርታችን ይህ ልዩነት ሲነገር የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው።

በዚህ ሥራ ምን እንደሚታተምና ምን እንደሚቀር ለመረዳት የልጅነቴን አገር ልጥቀስ። ያደግሁት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአምባ ጊዮርጊስ ነው። ወገራ ብርድ ነውና ማታ ከምድጃ ዳር የሚርቅ ልጅ አልነበረም። እንቆቅልሽ እንጫወታለን። ፍቺው የጠፋበት ልጅ አገር እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ ዳባትን ይሰጣል። ጠያቂው አይረካም፤ ደባርቅ ይጨመራል። ጎንደርን በመጀመሪያው ጥያቄ የሚያስረክብ ልጅ የተናቀ ነበር። አገር የተሰጠው ወዲያው ገዥ ይሆናል፤ ድምፁን አጎርንኖ ጮማውንና ጠጁን ለራሱ፣ አጥንቱንና አተላውን ለተሸናፊው ይደለድላል። ተማሪዬ ከአሜሪካ ያመጣችው «ሚና» ይኸው አልነበረምን?

የጥያቄና መልሱ ሥርዓት ቋሚ ስለሆነ ሊጻፍ ይችላል። ድልድሉ ግን በየማታው አዲስ ነው፤ የተሸናፊውን ነውር፣ የእለቱን ራት፣ የጎረቤቱን ሰርግ ሳይቀር ያስገባል። ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። እንግዲህ የጨዋታ ጽሑፍ ሁሉ፣ የታዬም ሆነ የጋይጋክስ፣ በባሕርዩ ባጭር ቃል የወጣ ነው። ጋይጋክስ ግንቡን ወደ መጨረሻው በከፊል ለማሳተም ሞክሮ ነበር፤ ሊጨርሰው ያልቻለበት አንዱ ምክንያት አብዛኛው ነገር እየተጫወተ የፈጠረው በመሆኑ ነው ብዬ አስባለሁ። የታዬ ሰፊ ታሪክ ግን እንዲህ አይደለም። እሱ የተጻፈ ነው፤ ያጣው አታሚ ነው። ሁለቱን ዓይነት «ያልታተመ» አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስለኛል።

ተማሪዬ የ1910ሩን ጽሑፍ በምንጮች ዝርዝሯ ውስጥ በታዬ ስም አስገባችው። ፈታኟ በሚትቮህ ስም እንድታርመው አሳሰቧት። እኔ አማካሪዋ ነኝና እንዳለ እንዲቆይ ነገርኳት።