በአሜሪካ ፓርኮች ደጃፍ ርካሽ አልጋ የሚገኘው ቀድሞ ላሰበ ነው

በገና ሰሞን ላሊበላ፣ በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ጎንደር አልጋ ሳይዝ የሄደ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያውቀዋል። በሌላው ጊዜ እንግዳ ፍለጋ ደጅ ደጁን የሚያዩ ሆቴሎች በእነዚያ ቀናት ዋጋቸውን አጥፈውም ባዶ ክፍል አይኖራቸውም። በምዕራብ አሜሪካ በታላላቅ ብሔራዊ ፓርኮች ዙሪያ የሚገኙ ትንንሽ ከተሞችም ይህን መሰል ገበያ ያስተናግዳሉ። ልዩነቱ የእነርሱ ግርግር የአንድ ሳምንት ሳይሆን ከሰኔ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የሚዘልቅ መሆኑ ነው።

ጉዳዩ ኢትዮጵያውያንንም ይመለከታል። በላስ ቬጋስ፣ በዴንቨርና በሎስ አንጀለስ ብዙ ወገኖች ይኖራሉ። ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋላቸው ወይም እናትና አባት ከአገር ቤት ለጥየቃ ሲመጡ፣ ቤተሰቡ በአንድ መኪና ተጭኖ ግራንድ ካንየንን ወይም የሎውስቶንን ለማየት ይነሳል። ታክሲ ለሚነዳ ወይም በሰዓት ለሚከፈለው ሰው አንድ ሳምንት ሥራ ማቆም ራሱ ወጪ ነው። በዚያ ላይ በየሌሊቱ ያልታሰበ 100 ዶላር ሲጨመርበት የሳምንቱ ሽርሽር የሁለት ወር ዕዳ ይሆናል። ለመሆኑ ይህ ገበያ እንዴት ነው የሚሠራው?

በስሙ ላይ ዋጋው የተጻፈ ንግድ

ሞቴል የመኪና ልጅ ነው። ቃሉ "ሞተር" እና "ሆቴል" ከሚሉት ተገጣጥሞ የተሠራ ሲሆን፣ በዚህ ስም የተጠራው የመጀመሪያው ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1925 በካሊፎርኒያ ሳን ልዊስ ኦቢስፖ ከተማ ተከፈተ። ከ1956 በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያገናኙ አውራ ጎዳናዎችን መዘርጋት ሲጀምር ንግዱ ተስፋፋ። በ1962 በሳንታ ባርባራ የተቋቋመው ሞቴል 6 ስሙን ያገኘው ክፍሉን በሌሊት 6 ዶላር ስላከራየ ነው። ሱፐር 8 ደግሞ በ1974 በደቡብ ዳኮታ፣ አበርዲን ከተማ የመጀመሪያውን ቤት ሲከፍት ዋጋው 8 ዶላር ከ88 ሳንቲም ነበር። ዛሬ ስሙ ቀርቷል፤ ዋጋው ግን በስሙ አይገኝም።

ደንበኛው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። አብዛኞቹ እነዚህ ቤቶች የኩባንያው ንብረት አይደሉም። ግለሰብ ባለቤቶች ለስሙና ለማስያዣ ሥርዓቱ ክፍያ እየፈጸሙ የሚያስተዳድሯቸው ናቸው። ከባለቤቶቹም ብዙዎቹ የሕንድ ተወላጆች ሲሆኑ፣ የእስያ አሜሪካውያን የሆቴል ባለቤቶች ማኅበር አባሎቹ ከአገሪቱ ሆቴሎች 60 በመቶ ያህሉን እንደያዙ ይገልጻል። ስለዚህ ምልክቱ አንድ ዓይነት ቢሆንም ዋጋውም፣ የመሰረዣ ደንቡም፣ የክፍሉ ንጽሕናም ከቤት ቤት ይለያያል። በአንዱ ከተማ የተመቸውን ስም በሌላው ከተማ አምኖ መግባት አያዋጣም።

ዋጋው ለምን ይሰቀላል?

የሎውስቶን እ.ኤ.አ. በ1872 የተቋቋመ፣ በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስፋቱ ወደ 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በ2024 ከ4.7 ሚሊዮን በላይ ጉብኝት ተመዝግቦበታል። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የሚገባው በጥቂት የሙቀት ወራት ነው፤ ምክንያቱም በሰሜን በኩል ካለው አንድ መስመር በስተቀር የፓርኩ መንገዶች ከኅዳር መግቢያ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ በበረዶ ምክንያት ለመኪና ዝግ ናቸው።

በፓርኩ ምዕራባዊ በር ላይ የተቀመጠችው ዌስት የሎውስቶን ከተማ በፓርኩና በመንግሥት ደን የተከበበች ናት። የዛየን ፓርክ በር የሆነችው ስፕሪንግዴልም በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተሸጎጠች ናት። የአርቸስ ጎረቤት ሞአብም ዙሪያዋን የፌዴራል መሬት ነው። ፈላጊ ቢበዛ ተጨማሪ ሞቴል የሚሠራበት ቦታ እንደ ልብ አይገኝም። ክፍል የሚያጸዳ ሠራተኛ ቢገኝ እንኳ እርሱ ራሱ የሚያድርበት ቤት ያጣል። ባለቤቱ በበኩሉ የዓመቱን የባንክ ዕዳ፣ የመድንና የጥገና ወጪ በአራትና በአምስት ወር ገቢ መሸፈን አለበት።

በተጨማሪም አልጋ እንደ ሥጋ ወይም እንደ ቲማቲም የሚበላሽ ሸቀጥ ነው። ዛሬ ሌሊት ባዶውን ያደረ ክፍል ነገ አይሸጥም። በትልቅ ከተማ ባለሆቴሉ ይህን ስለሚፈራ ሲመሽ ዋጋ ሊቀንስ ይችላል። በፓርክ ደጃፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ክፍሉ እያለቀ በሄደ ቁጥር ዋጋውን የሚተምነው ኮምፒውተር ከፍ ያደርገዋል፤ የመጨረሻዋ ክፍል የምትሸጠው ደክሞትና መሽቶበት ምርጫ ላጣው ሰው ነው። "ደርሼ እፈልጋለሁ" የሚለው ስልት በከተማ ሊያተርፍ ቢችልም እዚህ አይሠራም።

መቼና እንዴት ይያዝ?

በየሎውስቶን ውስጥም ሆነ በግራንድ ካንየን ደቡባዊ ዳርቻ ያሉት ማረፊያዎች ከ13 ወራት በፊት ጀምሮ ይያዛሉ። ለዋናዎቹ ወራት ያሉት ርካሽ ክፍሎች ቀድመው የሚያልቁ ናቸው። ከፓርክ ውጭ ያሉ ሞቴሎች ደግሞ በአመዛኙ እስከ አንድ ዓመት ድረስ አስቀድመው ይቀበላሉ። ለሐምሌ ጉዞ በጥር አልጋ የያዘ ሰው የሚመርጠው አያጣም። በግንቦት የጀመረው የተረፈውን ይወስዳል። በተለይ የአሜሪካ የነፃነት በዓል የሚውልበት ጁላይ 4 ሰሞን፣ እንዲሁም ሰኞን የሚጨምሩት ረዣዥም የዕረፍት ቀናት ከሁሉም ይከፋሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በቅደም ተከተሉ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን እያሉ ይይዙና የሎውስቶን ሲደርሱ ክፍል ያጣሉ። ያን ጊዜ የተያዘው ሁሉ መፍረስ ይኖርበታል። ልምድ ያላቸው ተጓዦች የሚጀምሩት አልጋ ከሚጠፋበት ከተማ ነው። ያ ከተረጋገጠ በኋላ ሌሎቹን ሌሊቶች በፊትና በኋላው ይሰካሉ። በአውራ ጎዳና ላይ ባሉ ትልልቅ ከተሞች የሚታደርባቸው ሌሊቶች መጨረሻ ላይ ቢያዙ ችግር የለውም።

ቀብዱና ውሉ

ሞቴሎች አንዱን ክፍል በሁለት ዋጋ ያቀርባሉ። አንደኛው ቅናሽ ያለው ሆኖ ገንዘቡ በቅድሚያ የሚከፈልና የማይመለስ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ ያለ ቅጣት ይሰረዛል። ከስድስት ወር በፊት ለሚይዝ ሰው ሁለተኛው የሚሻል ነው። ልዩነቱን እንደ መድን ክፍያ መቁጠር ይቻላል። ከዚህም ሌላ ጥቅም አለው፤ በየጊዜው ዋጋውን እያዩ ቀንሶ ሲገኝ አዲሱን ይዞ አሮጌውን መሰረዝ ያስችላል። አዲሱ ሳይረጋገጥ አሮጌውን መሰረዝ ግን ሁለቱንም ሊያሳጣ ይችላል።

የመሰረዣው ቀን በደንብ መነበብ አለበት። በሌላ ከተማ ከአንድ ቀን በፊት መሰረዝ የሚፈቅድ ስም፣ በፓርክ ደጃፍ 3፣ 7 ወይም 14 ቀን ሊጠይቅ ይችላል። ቀኑን በስልክ ማስታወሻ ላይ መመዝገብ ወጪ የለውም።

ውሉ የሚታወሰው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። በሰኔ 2022 ድንገተኛ ጎርፍ የሎውስቶንን መንገዶች ጠራርጎ ወስዶ ፓርኩ በሙሉ ተዘግቶ ነበር። ደቡባዊው ክፍል ከዘጠኝ ቀን በኋላ ቢከፈትም፣ የሰሜንና የሰሜን ምሥራቅ በሮች ለመደበኛ መኪና የተከፈቱት በጥቅምት ነው። በሐምሌ 2025 ደግሞ የሰደድ እሳት በግራንድ ካንየን ሰሜናዊ ዳርቻ የነበረውን ታሪካዊ ማረፊያ አወደመው። ፓርክ ሲዘጋ ከፓርኩ ውጭ ያለ ሞቴል ክፍት ሊሆን ይችላል። "መንገዱ ስለተዘጋ ገንዘቤ ይመለስ" የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በውሉ ላይ በሰፈረው ቃል ነው።

ደጃፍ ወይስ ራቅ ያለ ከተማ?

ከበሩ በራቁ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ለግራንድ ካንየን ደቡባዊ ዳርቻ ቅርቧ ከተማ ቱሳያን ስትሆን፣ ዊልያምስ 95 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለስሌት ያህል የቱሳያኑ ክፍል 240 ዶላር፣ የዊልያምሱ 130 ዶላር ነው እንበል። የሌሊቱ ልዩነት 110 ዶላር ነው። ደርሶ መልሱ 190 ኪሎ ሜትር ወይም 118 ማይል ነው። በጋሎን 25 ማይል የሚሄድ መኪና አምስት ጋሎን የማይሞላ ቤንዚን ይፈልጋል፤ ጋሎኑ 4 ዶላር ቢሆን ከ20 ዶላር አይበልጥም። በሌሊት 90 ዶላር ተረፈ ማለት ነው። ለዛየንም ስፕሪንግዴልን ትቶ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ሴንት ጆርጅ፣ ለብራይስ ካንየን ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ፓንግዊች ማየት ይቻላል።

በየሎውስቶን ግን ይኸው ስሌት አያዋጣም። ከምዕራቡ በር እስከ ታዋቂው ፍል ውኃ ኦልድ ፌይዝፉል ድረስ ብቻ 50 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በፓርኩ ውስጥ የሚዞረው ዋና መንገድ ርዝመቱ 142 ማይል ሲሆን፣ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 45 ማይል ነው። ጎሽ መንገድ ሲያቋርጥ መኪና ሁሉ ይቆማል። ከበሩ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቦዝማን ያደረ ቤተሰብ ቀኑን በመኪና ውስጥ ይጨርሳል፤ አመሻሽ ላይም የዱር እንስሳ በሚንቀሳቀስበት መንገድ ደክሞት ይነዳል። ሽማግሌና ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ይህ የገንዘብ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

ከዋጋው ጀርባ ያሉ ነገሮች

ከግንቦት 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የፌዴራል ደንብ ማረፊያ ቤቶች የግድ የሚከፈሉ ተጨማሪ ሒሳቦችን ከመነሻው በዋጋው ውስጥ አካትተው እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ግብር ግን በመጨረሻ ሊደመር ስለሚችል፣ ሁለት ቤቶችን ማወዳደር የሚገባው በመጨረሻው ድምር ነው።

በኢንተርኔት ላይ የሞቴሉን መልክ ይዘው የሚቀርቡ ደላሎችም አሉ። በእነርሱ በኩል የተያዘ ክፍል ሲበላሽ ሞቴሉ "ደላላውን ጠይቁ" ይላል። ከያዙ በኋላ በቀጥታ ወደ ሞቴሉ ደውሎ ስምና ቀን መመዝገቡን ማረጋገጥ ይበጃል።

ብዙ ቤቶች ሲገቡ ከካርድ ላይ መያዣ ይይዛሉ። በዴቢት ካርድ ከሆነ ይህ ገንዘብ ከኪስ እንደወጣ ይቆጠራል፤ እስኪለቀቅም ቀናት ሊወስድ ይችላል። አንዳንዶች ዕድሜው 21 ያልሞላ ሰው ክፍል እንዲይዝ አይፈቅዱም። ትንንሾቹ ቤቶች ማታ ቢሯቸውን ስለሚዘጉ፣ አምሽቶ የሚደርስ ሰው ቀድሞ መደወል አለበት። ከላስ ቬጋስ ወደ ዩታ የሚሻገር መንገደኛ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት እንደሚቀድምበትም መርሳት የለበትም።

ማቀዝቀዣና ማይክሮዌቭ ያለው ክፍል መምረጥ እንጀራና ወጥ ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ የምግብ ወጪ ያተርፋል፤ በጾም ወቅት ደግሞ በትንሽ ከተማ ምግብ ከመፈለግ ያድናል። ነገር ግን በክፍል ውስጥ ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ የጢስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኻል። ክፍሉ ጢስ ጢስ ከሸተተም ሲጋራ እንደተጨሰበት ተቆጥሮ የጽዳት ቅጣት ሊያስከፍል ይችላል። ቡናውን ቆልቶና አስፈጭቶ መሄድ ይሻላል።

ከአገር ቤት እንግዳ የሚያስጎበኙም ሌላ ሒሳብ አለባቸው። ከ2026 መግቢያ ጀምሮ የሎውስቶንን፣ ግራንድ ካንየንን፣ ዛየንንና ብራይስ ካንየንን ጨምሮ በ11 ፓርኮች የአሜሪካ ነዋሪ ባልሆኑ ጎብኚዎች ላይ ከመደበኛው መግቢያ ሌላ በሰው የ100 ዶላር ጭማሪ ተጥሏል። ለነዋሪ ያልሆኑ ዓመታዊው ፓስም 250 ዶላር ሆኗል። ከአልጋው የተቆጠበው በር ላይ እንዳይቀር የየፓርኩን ደንብ ከመነሳት በፊት ማየት ይገባል።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይባላል። በዚህ ገበያ ርካሽ ዋጋ የሚያገኘው በጥር ወር አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ ካርታና ቀን መቁጠሪያ ያገናኘ ሰው ነው። በሐምሌ ሌሊት ከሞቴል ሞቴል የሚዞር ሰው የፈለገውን ያህል ቢከራከር፣ "ክፍል የለም" የሚለው መብራት ከበራ በኋላ የሚያወርደው ዋጋ የለም።