ቱርቦው ከፒስተኑ ይጀምራል

ቱርቦ በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደር ያስገባል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ራሱ የሳበውን ብቻ ያቃጥላል። ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም።

የሚያናድደኝ ሶዶ ጋራዦች ውስጥ የማይጠፋው ወሬ ነው፦ «ሞተሩ ያው ነው፣ ቱርቦ ጨምረህበት ነው እንጂ!» ያው አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጡትን ሁለቱን የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተሮች እንይ፤ ቱርቦ የሌለውን ዋን ኤች ዜድ እና ባለቱርቦውን ዋን ኤች ዲ ቲ። ሁለቱም ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፤ የሲሊንደራቸው ስፋት 94፣ የፒስተናቸው ጉዞ 100 ሚሊሜትር። ቴስታታው ሲወርድ ግን ዝምድናቸው እዚያው ያበቃል። ሃርድቶፖቻችን የሚነዱበት ዋን ኤች ዜድ ናፍጣውን የሚለኩሰው ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ስለሆነ የፒስተኑ አናት ጠፍጣፋ ነው፤ ኮምፕሬሽኑም ከ22 እጥፍ ይበልጣል። ባለቱርቦው ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ይረጫል፤ አናቱ ጎድጓዳ ነው፣ ኮምፕሬሽኑም 18.6 ብቻ። አየሩ ቀድሞ ታምቆ ስለሚገባ፣ እንደገና 22 እጥፍ ቢጨመቅ ጓርኒሲዮኑም ብሮንዚኑም አይችሉትም።

ከሁሉ የምወዳት ግን አንዲት የዘይት ቧንቧ ናት። ለቱርቦ በተሠሩ ብዙ የናፍጣ ሞተሮች ውስጥ ከኮሎው በላይ ተተክላ የፒስተኑን ሆድ ከሥር ዘይት ትረጨዋለች፤ የአናቱን ሙቀት የሚያወርደው ይህ ዘይት ነው። ዘይት ለመቀየር የሚሰስት ሰው ቀድሞ የሚደፍነው እሷን ነው፤ ከዚያ «የቻይና ፒስተን ነው» እያለ ያማርራል።

አንድ ሹፌር ግን በክርክር ሊረታኝ ምንም አልቀረው። ሶዶ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ ከወደብ አየር በአንድ አምስተኛ ይሳሳል። ከአባያ ዳር ተነስቶ በሁምቦ ሽቅብ የሚመጣ ጭነት የያዘ ሃርድቶፕ ይህን ያውቀዋል። «ታዲያ ከፍታው የወሰደብኝን ባስመልስ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ እዚያ ላይ ቢቆም። 0.2 ባር ቢጨምርበት ሲሊንደሩ የሚደርሰው ጅቡቲ ላይ የሚያገኘው አየር ነው። ግን በዚያ የሚረካ ሹፌር አላጋጠመኝም። ቱርቦው በተገጠመ ማግስት ፖምፓው ይከፈትና ናፍጣ ይጨመራል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ዳገቱ ላይ መኪናው ይበራል፣ ሹፌሩም ይፎክራል። ሙቀቱ ግን መሄጃ የለውም። ወይ ቴስታታው በዚያች ትንሽ ክፍል ዙሪያ ይሰነጠቃል፣ ወይ የፒስተኑ አናት ይቀልጣል። ቱርቦ ያማረው ሰው ባለቱርቦውን ሞተር ሙሉውን ገዝቶ ያስገጥም፤ ይህ ከከበደው ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ሁምቦን በትዕግሥት ይውጣ።