ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍን በኢንክጄት ማተሚያ ስለማተም



ለእናቴ ሙት ዓመት አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፏን አሳትሜ ነበር። ነጠላ ተከናንባ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጥላ ውስጥ ቆማለች። በአታሚው ቤት አምፖል ሥር ያማረው ምስል ከመስኮት አጠገብ ስሰቅለው ወደ አረንጓዴ አደላ፤ በዓመቱ ፊቷ ቀይ ዳማ ሆነ። ታላቅ እህቴ «ይህ የእናታችን መልክ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራ ማተሚያ ያለው ጥቁር ቀለም አንድ ብቻ ነው፤ ግራጫውን የሚፈጥረው ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ በማደባለቅ ነው። ድብልቁ በአምፖልና በፀሐይ ብርሃን ሥር የተለያየ መልክ ይሰጣል። ቀለሞቹ ሟሚ ከሆኑ ደግሞ እኩል አይደበዝዙም፤ ቀድሞ የጠፋው የቀረውን ያጋልጣል። በጥቁር ብቻ አትም ብንለውም ፊት ላይ ነጠብጣብ ይታያል። መፍትሔው ደረጃ ደረጃ ያላቸው ግራጫዎች ናቸው፤ ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣቸው ማተሚያዎች ሦስት የጥቁር ደረጃዎች አብረው ይሠራሉ፤ ቀለማቸውም የማይሟማ ፒግመንት ነው።

ወረቀቱስ? የቢሮ ወረቀት ቀለሙን ይመጥና ጥቁሩን አመድ ያስመስለዋል። ለደብዛዛ ወረቀትና ለአንጸባራቂ ወረቀት የተዘጋጀው ጥቁር ቀለምም የተለያየ ነውና አታምታቱት።

ከሁሉ የሚከብደው ጥላው ነው። ከነጭ እስከ ጥቁር ሃያ አንድ ደረጃ ያለው መለኪያ አስቀድማችሁ አትሙ፤ የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ከተዋሐዱ የእናቴ ፊትም ከበሩ ጨለማ ጋር ይዋሐዳል። የኮምፒውተሩ ማያ እጅግ ከደመቀ ኅትመቱ ጠቁሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ማያውን ዝቅ አድርጉት። ፊቱን ግን አታንጡት! ከተማችን ውስጥ ይህ ልማድ በዝቷል፤ እኔ ነውር እለዋለሁ። የሚፈለገው ፊቱ ጠይምነቱን እንደያዘ ከጨለማው መለየቱ፣ የነጠላውም ድርና ማግ መታየቱ ነው።

ጎንደር ላይ ሌላም ችግር አለ። የበጋው ደረቅ አየር የቀለም መርጫ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ማተሚያው በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ መርጫውን ወደ ክዳኑ ይመልሳል፤ መብራት በድንገት ሲቋረጥ ግን መርጫው ክፍቱን ይቀራል። ዩፒኤስ ይኑራችሁ፤ በሳምንት አንድ ጊዜም የቀዳዳ መፈተሻ ገጽ አትሙ። በክረምት ደግሞ ወረቀቱ እርጥበት ስቦ ይጠማዘዛልና በላስቲክ ይታሸግ።

ኅትመቱን ከመስታወት ሥር ከማግባታችሁ በፊት አንድ ሙሉ ቀን አድርቁት፤ ያለበለዚያ ከቀለሙ የሚወጣው ትነት መስታወቱን ያጨልመዋል። ከዚያ ጠዋት በመስኮት ብርሃን፣ ማታ በአምፖል ተመልከቱት። የእናቴን ሁለተኛ ኅትመት እንዲህ ፈትኜ ደባርቅ ለምትኖረው እህቴ ላክሁላት። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሰቅላዋለች።