ተዋጊውና አስማተኛው በአንድ ሚዛን፦ የሚና ጨዋታዎች ሒሳብ

ገበጣ ለመጫወት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ጉድጓዳቸውም ጠጠራቸውም እኩል ነው። ቼዝ የሚጫወቱም እያንዳንዳቸው 16 ጠጠር ይዘው ይጀምራሉ። ቀድሞ የሚጀምረው ማን ነው ከሚለው በስተቀር፣ ሕጉ ለአንደኛው አብልጦ የሰጠው ነገር የለም። ታዲያ ተጫዋቾቹ ገና ከመነሻው ሆን ተብሎ የተለያየ ኃይል የሚሰጣቸው ጨዋታ ቢኖር፣ ፍትሐዊነቱ በምን ይለካል?

ይህ ጥያቄ የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታዎችን የሚነድፉ ሰዎች ላለፉት 50 ዓመታት ሲያሰላስሉት የቆየ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ለመመለስ የተደረጉ ሦስት ሙከራዎችን እንመለከታለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚና ጨዋታ ምንድን ነው?

ጥቂት ጓደኛሞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። አንደኛው የጨዋታው መሪ ሆኖ በምናብ የተፈጠረ ዓለምን፣ በዚያም ውስጥ ያሉትን ጭራቆችና አደጋዎች ይተርካል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። የድርጊቱ ውጤት አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ ይጣላል። ከተለመደው ባለ 6 ገጽ ዳይስ በተጨማሪ ባለ 4፣ ባለ 8፣ ባለ 10፣ ባለ 12 እና ባለ 20 ገጽ ዳይሶች ይሠራባቸዋል።

የዚህ ዓይነት ጨዋታ ፈር ቀዳጅ የሆነው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በ1974 በአሜሪካ ታተመ። ደራሲዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን፣ በትናንሽ ምስሎች የሚካሄዱ የጦርነት ጨዋታዎች አፍቃሪዎች ነበሩ። በመጀመሪያው እትም የነበሩት መደቦች ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። መደብ ማለት ገጸ ባሕርዩ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንዴት እንደሚያድግ የሚወስን የሙያ ዓይነት ነው። በ1975 ሌባው ተጨመረ። የካህኑ አመጣጥ ራሱ የሚዛን ታሪክ እንደሆነ ይነገራል፤ በአርነሰን ጠረጴዛ አንድ ተጫዋች የያዘው ደም መጣጭ ፍጡር ከልክ በላይ በመበርታቱ፣ እርሱን የሚቋቋም መደብ አስፈለገ።

በሚና ጨዋታ ተጫዋቾቹ በአንድነት ይጓዛሉ እንጂ እርስ በርስ አይፎካከሩም። ታዲያ አንዱ ቢበረታ ሌላው ምን ይጎዳል? የሚጎዳው ተሳትፎው ነው። ባልንጀራው ብቻውን ሁሉን የሚፈጽም ከሆነ፣ ደካማ መደብ የያዘው ሰው ለሦስትና ለአራት ሰዓት ተመልካች ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ሚዛን ሲባል፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ያለ እያንዳንዱ ሰው ለውጤቱ አስፈላጊ መሆኑን ማረጋገጥ ማለት ነው።

አንደኛው ሙከራ፦ የዕድሜ ሚዛን

የመጀመሪያዎቹ ነዳፊዎች ሚዛኑን የፈለጉት በገጸ ባሕርዩ ሙሉ ዕድሜ ውስጥ ነበር። በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መመሪያ፣ ተዋጊ በየደረጃው የሕይወት ነጥቡን የሚወስነው ባለ 10 ገጽ ዳይስ በመጣል ሲሆን፣ አስማተኛው ግን ባለ 4 ገጽ ይጥላል። አማካዩ 5.5 በ2.5 መሆኑ ነው። ጀማሪው አስማተኛ በቀን አንድ ድግምት ብቻ ከደገመ በኋላ ከባልንጀሮቹ ጀርባ ይሸሸጋል። የዕድገቱም መንገድ ረዘም ያለ ነበር፤ በ1974ቱ ሕግ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ለመውጣት ካህን 1,500፣ ተዋጊ 2,000፣ አስማተኛ ደግሞ 2,500 የልምድ ነጥብ ማከማቸት ነበረበት።

ይህን የታገሠ አስማተኛ በመጨረሻ ይካሳል። «የእሳት ኳስ» የተባለው ድግምት በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጨምራል። በተጨማሪም ደረጃው ባደገ ቁጥር በቀን የሚደግማቸው ድግምቶች ይበዛሉ። የድግምቱ ብዛትና የእያንዳንዱ ድግምት ኃይል አብረው ሲያድጉ፣ የሁለቱ ብዜት በደረጃው ካሬ መጠን ይጨምራል። የተዋጊው ሰይፍ ግን ዕድገቱ ወደ ቀጥታ መስመር ያደላ ነው። የቀጥታ መስመርና የካሬ ግራፍ የተማረ ተማሪ፣ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተው ከዚያ በኋላ እየተራራቁ እንደሚሄዱ ያውቃል።

የዚህ ሚዛን ድክመት የሚገለጸውም እዚህ ላይ ነው። በወረቀት ላይ የሁለቱ አማካይ ሊቀራረብ ይችላል፤ ሆኖም ጨዋታው ከመገናኛው ነጥብ በፊት ቢቋረጥ አስማተኛው ካሳውን ሳያገኝ ይቀራል። ለዓመታት ቢቀጥል ደግሞ ተዋጊው ተመልካች ይሆናል። በዛሬው ምሽት የተሰላቸን ሰው የከርሞው ምሽት አይክሰውም።

ሁለተኛው ሙከራ፦ የፍልሚያ ሚዛን

በ2008 የታተመው አራተኛው እትም መለኪያውን ከዕድሜ ወደ አንድ ፍልሚያ አሳጠረው። ተዋጊም ሆነ አስማተኛ አንድ ዓይነት መዋቅር ተሰጣቸው፦ ሁልጊዜ የሚሠራ፣ በአንድ ፍልሚያ አንድ ጊዜ የሚሠራ፣ እንዲሁም በቀን አንድ ጊዜ የሚሠራ ችሎታ። ከሒሳብ አንጻር ችግሩ በአመዛኙ ተቃለለ። ሆኖም በርካታ ተጫዋቾች መደቦቹ እርስ በርስ ተመሳሰሉብን ሲሉ አማረሩ። በቀደመው ሦስተኛ እትም ሕግ ላይ የተመሠረተው «ፓዝፋይንደር» በ2009 ሲወጣ ብዙ ተከታይ አገኘ። ከዚህ የምንረዳው፣ ልዩነትን በማጥፋት የሚገኝ እኩልነት መደብ የሚባለውን ነገር ያስፈለገበትን ምክንያት ጭምር ሊያጠፋ እንደሚችል ነው።

ሦስተኛው ሙከራ፦ የቀን ሚዛን

በ2014 የወጣው አምስተኛ እትም ልዩነቱን መለሰና መለኪያውን ከአንድ ረጅም ዕረፍት እስከሚቀጥለው ባለው ቀን ላይ አደረገ። ተዋጊው ሰይፉን ያለ ገደብ ይሰነዝራል፤ የአስማተኛው ታላላቅ ድግምቶች ግን ተቆጥረው የተሰጡ ናቸው። እስቲ ሁለቱን በአምስተኛ ደረጃ እናነጻጽር።

ተዋጊው በባለ 20 ገጽ ዳይስ በሚያወጣው ቁጥር ላይ 7 ይጨምራል እንበል። የጠላት መከላከያ ቁጥር 15 ከሆነ፣ ከ8 እስከ 20 ያሉት 13 ቁጥሮች ሁሉ ይመታሉ። የመምታት ዕድሉ እንግዲህ 13/20 ወይም 0.65 ነው። የሰይፉ ጉዳት ባለ 8 ገጽ ዳይስና 4 ሲደመር፣ አማካዩ 4.5 + 4 = 8.5 ይሆናል። በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚሰነዝር የሚጠበቀው ጉዳት 2 × 0.65 × 8.5 = 11.05 ነው።

የአስማተኛው የእሳት ኳስ ስምንት ባለ 6 ገጽ ዳይሶችን ይጥላል፤ አማካዩ 8 × 3.5 = 28 ነው። ያመለጠ ጠላት የጉዳቱን ግማሽ ብቻ ይቀበላል። የማምለጥ ዕድሉ እኩሌታ ከሆነ በአንድ ጠላት ላይ 21፣ በሦስት ጠላቶች ላይ 63 ይደርሳል። ይህን በቀን ሁለት ጊዜ መድገም ስለሚችል ድምሩ 126 ነው። በቀሩት ዙሮች ገደብ የሌለው ትንሽ የእሳት ድግምት ይወረውራል፤ ሁለት ባለ 10 ገጽ ዳይሶች ስለሆኑ 0.65 × 11 = 7.15 ይጠበቃል።

አንድ ፍልሚያ 4 ዙር ይፈጃል ብንል፣ የቀኑ ድምር የሚከተለውን ይመስላል፦

በቀን 1 ፍልሚያ፦ ተዋጊ 44፣ አስማተኛ 140
በቀን 3 ፍልሚያ፦ ተዋጊ 133፣ አስማተኛ 198
በቀን 7 ፍልሚያ፦ ተዋጊ 309፣ አስማተኛ 312
በቀን 8 ፍልሚያ፦ ተዋጊ 354፣ አስማተኛ 341

ስሌቱ የተቃለለ ነው፤ የአስማተኛውን ትናንሽ ድግምቶችም ሆነ የተዋጊውን ልዩ ችሎታዎች አላካተተም። ዋናው ነጥብ ግን ግልጽ ነው። የሁለቱም መደብ ሕግ ሳይለወጥ፣ የቀኑ ርዝመት ብቻ ሲለወጥ አሸናፊው ተለወጠ። የ2014ቱ የጨዋታ መሪዎች መመሪያ አንድ ቡድን በቀን ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይም ከባድ ፍልሚያ መቋቋም እንደሚችል ይገምት ነበር። በቀን አንድ ፍልሚያ ብቻ አዘጋጅቶ ቡድኑን የሚያሳርፍ መሪ፣ ሳያስበው ለአስማተኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ብልጫ ይሰጣል።

ከጉዳት ቁጥር ባሻገር

የጉዳት ድምር ሁሉን አይገልጽም። በ1978ቱ ሕግ ጀማሪ ሌባ የተቆለፈ በር የመክፈት ዕድሉ 25 በመቶ ብቻ ነበር። በአንጻሩ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ድግምት ዳይስ ሳይጣል ቁልፉን ይፈታል። ድግምቱ በእጁ ያለ አስማተኛ ባለበት ቡድን የሌባው ሙያ ይደበዝዛል። በሥነ ምህዳር አንድን ሀብት በአንድ ዓይነት መንገድ የሚጠቀሙ ሁለት ዝርያዎች ለዘለቄታው አብረው መኖር እንደሚያዳግታቸው ሁሉ፣ ሁለት መደቦችም አንድ ሥራ ላይ ሲገናኙ ደካማው ቦታ ያጣል። ስለሆነም ነዳፊው የእያንዳንዱን መደብ ኃይል ብቻ ሳይሆን፣ ሌላው የማይሞላውን ሥራ ጭምር መመልከት አለበት።

በአጠቃላይ ሦስቱም ሙከራዎች የሚለያዩት በመረጡት የጊዜ መለኪያ ነው፦ ዕድሜ፣ ፍልሚያና ቀን። ሚዛን ከሁኔታዎች ተነጥሎ በመደቡ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ባሕርይ አይደለም። ይህ ከጨዋታም ውጭ የሚያገለግል ትምህርት ነው፤ ሁለት ነገሮች እኩል ናቸው ወይም አንዱ ይበልጣል የሚል አኃዝ ሲቀርብልን፣ በምን ያህል ጊዜና በምን ሁኔታ እንደተለካ መጠየቅ ይገባል። የራሱን ጨዋታ ለመንደፍ የሚነሣ ተማሪም ከዳይሱ በፊት በወረቀቱ አናት ላይ ሊያሰፍረው የሚገባው ይህንኑ ጥያቄ ነው።