«በርጫ የት ነው?» — የሐረር ጓደኛሞች ጥሪ

ሐረር ውስጥ ረፋዱ ላይ ሁለት ጓደኛሞች መንገድ ላይ ከተገናኙ፣ ከሰላምታው ቀጥላ የምትመጣው ጥያቄ «በርጫ የት ነው?» የምትለው ናት፤ በርጫ ጫት የሚቃምበት ጉባኤ ነው። ጠያቂው ሰዓት አይጠይቅም፣ ማን ማን እንደሚመጣም አይጠይቅም። ሌላኛው «እነ እገሌ ቤት» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ቀጠሮው አልቋል።

ወዳጅን «ተነስ እንሂድ» የሚልበት የራሱ ቃል የሌለው የከተማ ወጣት የለም። የአዲስ አበባ ልጅ «ላሽ እንበል» ይላል። በሊትዌኒያ የቪልኒየስ ወጣቶች «ቫሮም» ይባባላሉ። እነዚህ ቃላት ግን እንነሳ ከማለት አያልፉም፤ ወዴት፣ መቼ፣ ከማን ጋር የሚለው ገና ይቀራል። በሐረር ግን ያ ሁሉ ቀድሞ የታወቀ ነው። የጥሪው ማጠር ከሰው ቁጥብነት የመጣ አይደለም፤ ከጀርባው የጫቱ ቅጠል፣ ቤቱና ጓደኝነቱ አሉ።

ሰዓቱን የሚወስነው ቅጠሉ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ጫት እንደ ቡና በጆንያ ተከማችቶ እንግዳ አይጠበቅበትም። ከሐረር ዙሪያ ማሳዎች ተቆርጦ፣ እርጥበቱ እንዳይሄድ ተሸፍኖ በጥድፊያ ገበያ ይደርሳል፤ በሐረርና በድሬዳዋ መንገድ ላይ ያለችው አወዳይ የቆመችው በዚህ ጥድፊያ ላይ ነው። ገዝቶ የገባ ሰው በዕለቱ መቃም አለበት። በጠዋት የሚቃመው ኢጀባና ይባላል። ዋናው በርጫ ግን ከምሳና ከዙህር ሶላት በኋላ ይጀምራል፤ ይህን የማያውቅ የሐረር ልጅ ስለሌለ ሰዓት መጥቀስ አያስፈልግም።

ልማዱ ሥር የሰደደ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ የኢፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ መራዴን ይዞ ጫት እተክልባታለሁ ብሎ መፎከሩን መዝግቧል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሐረር ሲገባም ዑለማዎቹ አብረው ተቀምጠው ሲቅሙ አግኝቷቸው ጽፏል። ዛሬም በሐድራ፣ ማለትም በመንፈሳዊው ጉባኤ ላይ ዱዓና ዚክሪ ከቅጠሉ ጋር አብረው ይሄዳሉ።

ወደ ቤቱ እንግባ። በግንብ በታጠረው በጥንቱ ከተማ በጀጎል ያለው የሐረሪ ቤት ለመሰብሰብ ተብሎ የተሠራ ይመስለኛል። በበሩ ሲገባ ጊዲር ጋር የሚባለው ትልቁ ክፍል ነው፤ ነደባ በሚባሉ ከፍታቸው በሚለያይ መደቦች ተከፋፍሏል። በሩን ፊት ለፊት የሚያየው አሚር ነደባ ነው፤ ገቢ ወጪውን ስለሚያሳይ የክብር ቦታ ነው። ጊዲር ነደባ ሰፊው ነው፣ ጢት ነደባ ትንሹ፤ ሱትሪ ነደባ ከእይታ ሸሸግ ያለው፣ ገብቲ ኤሄር ነደባ ደግሞ ከበሩ ጀርባ ያለው ነው። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይለቀለቃል፤ ብዙ ሐረሪዎች ቀለሙን በ1887 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በጨለንቆ ጦርነት ከፈሰሰው ደም ጋር ያያይዙታል። ግድግዳው ላይ ስፌቶች ተደርድረዋል። እንደ እኔ፣ በዚህ አሠራር ውስጥ ትልቅ ጥበብ አለ፤ የገባ ሰው ሁሉ በዕድሜውና በክብሩ የሚቀመጥበት አለው፣ ሆኖም ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር እርስ በርስ ይተያያል፣ ይሰማማል።

ሰዎቹን የሚወስነው ጓደኝነቱ ነው፤ በሐረር ጓደኝነት ራሱን የቻለ ተቋም ነው። በከተማዋ ላይ ጥናት ያደረገው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሲድኒ ዋልድሮን የሐረሪን ማኅበራዊ ኑሮ በሦስት ገመዶች ታስሮ አይቶታል፤ አህሊ፣ ማለትም የሥጋ ዘመድ፤ አፎቻ፣ ማለትም ለሠርግና ለሐዘን የሚደርስ ማኅበር፤ እና የጓደኛሞች ቡድን። አፎቻን እድር የሚያውቅ አንባቢ በቀላሉ ይረዳዋል። ሦስተኛው ግን ሊተኮርበት ይገባል። በአንድ ሰፈር አብረው ያደጉ፣ በዕድሜ የሚቀራረቡ ልጆች ከትንሽነታቸው ይያያዛሉ፤ ጎልምሰውም ከሰዓቱን የሚያሳልፉት ከነዚያው ጋር ነው። ዘመድ በመወለድ ይመጣል፣ አፎቻ ግዴታ አለው፤ ጓደኛ ግን ተመርጦ ዕድሜ ልክ ይያዛል። «እነ እገሌ ቤት» ሲባል እነማን እንዳሉ ማንም የማይጠይቀው ለዚህ ነው።

ሴቶቹም የራሳቸው ጥሪ አላቸው። ልጃገረዶች በአንዲት ባለሙያ እናት ቤት ተሰብስበው ስፌት ይማሩ ነበር፤ ያ ግድግዳ ላይ የሚታየው ሁሉ እየተጫወቱ የተሰፋ ነው። የሴቶች አፎቻም አለ። ስለ ሐረር የሚጻፈው ከወንዶቹ በርጫ አለማለፉ ሁሌም ያሳዝነኛል፤ የከተማዋን መልክ ለዓለም ያሳየው የሴቶቹ ስብሰባ ያፈራው ስፌት ነውና።

በርጫ ላይ ወሬው ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ማንም አይደነቅም። ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ በአንድ ክፍል ይሰማሉ፤ «አቦ» የምትለዋ ጥሪ ሁሉንም ታዳርሳለች። መጀመሪያ ጨዋታው ይደምቃል፣ ሐሳብ ይፈልቃል፣ ዕቅድ ይወጣል፤ ምርቃናው ሲገባ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ሁሉም ወደ ራሱ ይመለሳል። ያን ጊዜ ዝም ያለን ሰው «ምን ሆንክ?» ብሎ መነዝነዝ ነውር ነው።

ጉዳቱን መሸፈን አልፈልግም። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያስጠላል፣ የቀን ገቢው ትንሽ የሆነን ሰው ኪስ ያራቁታል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በየከተማው የተስፋፋው በክፍያ የሚገባበት የበርጫ ቤት ነው። እዚያ የሚቆጣ ሽማግሌ የለም፣ በቦታው የሚያስቀምጥ ባለቤት የለም፤ ሥራ ያጣ ወጣት ከማያውቀው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ይውላል። ጫቱ ያው ነው፣ ጓደኝነቱ ግን የለም። በተቃራኒው ብዙ ሐረሪዎች በሚኖሩባት በካናዳዋ ቶሮንቶ ጫት በሕግ የተከለከለ ነው፤ አፎቻው ግን እዚያም አለ፣ ሠርግና ሐዘን ሲመጣ ይሰባሰባል።

ሐረር ሄደው «ና፣ በርጫ እንሂድ» ከተባሉ የማይቅሙም ቢሆኑ ይሂዱ፤ ቁጢ (ከቡና ቅጠል የሚፈላ) ወይም ሐሸር ቃሕዋ (ከቡና ገለባ የሚፈላ) ይቀርብልዎታል። የሚቅም ሰው የራሱን እስር ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። ጫማዎን በር ላይ ያውልቁ። የትኛው ነደባ ላይ እንደሚቀመጡ ባለቤቱ እስኪያሳይዎት ይጠብቁ፣ አሚር ነደባን ግን በራስዎ ፈቃድ አይውጡበት። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ጉባኤው ይበተናል።